ለእኛ ቆዳ ያልተሠራ ብርሃን

ሞራው ተገፎ ዓይኑ የበራለት ሰው ሰንበት ብሎ «አሸዋ አሸዋ ይለኛል፣ ያስለቅሰኛል» ማለት ሲጀምር ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ቀዶ ጥገናው የተበላሸ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዓይኑ ደርቆ ነው። የደረቀ ዓይን ማልቀሱ ግራ ቢያጋባም፣ ሲቆረቁረው የሚያፈስሰው እንባ ውኃ የበዛበት ስለሆነ ዓይኑ ላይ አይረጋም።

መቀሌ ውስጥ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። የኲሓ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ከከተማዋ አልፎ ለመላው ትግራይ ደራሽ ሆኖ ኖሯል። ኔፓላዊው ዶክተር ሳንዱክ ሩይትና አሜሪካዊው ዶክተር ጄፍሪ ታቢን በ1995 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የሂማላያ ካታራክት ፕሮጀክት እዚያ ባካሄዳቸው ዘመቻዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞራቸው ተነሥቷል።

በቀዶ ጥገናው ጊዜ ቢላዋው ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይኑን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ ሲከፍት እንባ እንዲመነጭ መልእክት የሚያደርሱ ቀጫጭን ነርቮችን ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ የሚጨመሩት ጠብታዎችም ውስጣቸው ያለው ማቆያ ኬሚካል የዓይኑን ገጽ ይቆጠቁጣል። ይህ ድርቀት በአብዛኛው በሦስት ወር ገደማ ይሻላል። ከቀዶ ጥገናው በፊትም ዓይኑ ደረቅ ለነበረ ሰው ግን ይከርማል። ትራኮማ ለዓመታት የጠባሰው የዓይን ቆብ፣ በዚያ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አገር ደረቅ ነፋስና አቧራ ሲጨመርበት፣ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም።

ለዓይን ድርቀት በብርሃን የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ዒላማው ቆቡ ጠርዝ ላይ የተደረደሩት የስብ እጢዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ቆብ ከ20 እስከ 40 ይደርሳሉ፤ የሚያወጡት ስብ እንባው ቶሎ እንዳይተን ከላይ ይሸፍነዋል። ሲደፈኑ ስቡ ይረጋና ቆቡ ሲጫን እንደ ጥርስ ሳሙና ተጠቅልሎ ይወጣል።

ብርሃኑን የሚሰጠው፣ አይፒኤል የሚባለው መሣሪያ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪሞች ነበር። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ዶክተር ሮላንዶ ቶዮስ የፊት መቅላት ያለባቸው ታካሚዎቹ በብርሃኑ ሲታከሙ የዓይናቸውም ድርቀት እንደቀለለ አስተዋለ። ታካሚው ዓይኑ በመከለያ ይሸፈናል፤ ከዓይኑ በታች ጉንጩና አፍንጫው ላይ ጄል ይቀባል፤ ከዚያ መሣሪያው ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። ሌዘር አይደለም፣ ብዙ ዓይነት ሞገድ ያለው ኃይለኛ ብርሃን ነው። ደሙ ብርሃኑን ውጦ ይሞቃል፣ ብግነት የሚያባብሱት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። በመጨረሻ ሐኪሙ ቆቡን ጨምቆ የረጋውን ስብ ያወጣል። በየተወሰነ ሳምንት አራት ጊዜ ያህል ይደገማል። በሞራ ታካሚዎች ላይም፣ በተለይ ቻይና ውስጥ፣ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ተዘግቦለታል።

ነገር ግን ብርሃኑ ደምንና የቆዳ ቀለምን (ሜላኒንን) አይለይም። ሜላኒን የበዛበት ቆዳ ራሱ ብርሃኑን ይውጠውና ይቃጠላል፣ ወይም ነጣ ያለ፣ አለዚያም የጠቆረ ምልክት ያወጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዓይን ድርቀት ያጸደቀው መሣሪያ የተፈቀደው ቆዳን በስድስት ደረጃ በሚመድበው ሚዛን እስከ 4ኛው ላሉት ብቻ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን 5ኛውና 6ኛው ላይ ነን። ስለዚህ ማሽኑ ነገ ተገዝቶ ቢመጣ እንኳ ለብዙው የኲሓ ታካሚ የሚመከር አይመስለኝም። ለዚሁ ድርቀት ቀይ የኤልኢዲ ብርሃን የሚያበሩ ጭምብሎችም አሉ፤ ብልጭታ የላቸውም፣ ለጠቆረ ቆዳም ይስማማሉ።

ለጊዜው ግን ሰው ሠራሽ እንባና ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አሉ። ጨርቁ የተጨፈነ ዓይን ላይ ለአምስት፣ ለአሥር ደቂቃ ይቀመጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነከራል። ሙቀቱ የረጋውን ስብ ያላላል። ይህ በተለይ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የሚተከለው ሌንስ ቁጥር የሚወሰነው ኮርኒያው ተለክቶ ነው፣ ደረቅ ዓይን ላይ ደግሞ ልኬቱ ይዛባል። ስለዚህ የሚቆረቁር ዓይን ያለው ሰው ከመለካቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ ጨርቅ ማድረግም ሆነ ዓይንን መጫን አይገባም፤ ቁስሉ ገና አልጠገገም።