ጀርም የሌለው ዝሆኔ

ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ላይ ካሳወቀ ወዲህ የሕክምና ምርምር ለረጅም ዘመን የተመራው «ለአንድ በሽታ አንድ ጀርም» በሚል እሳቤ ነው። ብዙ ፍሬም አፍርቷል። ነቀርሳው ራሱ ግን ለዚህ ቀመር አልተመቸም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያውን እንደተሸከመ ይገመታል፤ ከእነዚህ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ባክቴሪያው ከሌለ ነቀርሳ የለም፤ ስላለ ብቻ ግን አያሳምምም። አስፈላጊ ምክንያትና በቂ ምክንያት የተለያዩ ናቸውና ተመራማሪ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ሲል በአንድ መልስ መርካት የለበትም።

ይህን ከሁሉ ይበልጥ ገልጦ የሚያሳየው፣ በእኔ ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ ገበሬውን የሚያጠቃው ዝሆኔ ነው። በቆላ ትንኝ የምታስተላልፈው ክር መሰል ትል ተመሳሳይ የእግር እብጠት ያመጣል። ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን በ1970ዎቹ የደጋው ዝሆኔ ትሉ ባለበት ሳይሆን እሳተ ገሞራ የወለደው ቀይ አፈር ባለበት የሚገኝ መሆኑን አሳየ፤ በሕመምተኞች የሊምፍ ዕጢ ውስጥም ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ተገኘ። ስሙንም ከግሪክኛው «እግር» እና «አቧራ» አዋቅሮ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። ጀርም የለም፤ ተላላፊም አይደለም።

ጀርሙን በአፈር ተክቶ ማረፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን አንዱን ማሳ በባዶ እግራቸው አብረው ካረሱት አንዱ ሲያብጥ ሌላው ደህና ነው። በወላይታ ተካሂዶ በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን እንዲለይ በሚያግዙት ኤችኤልኤ በተባሉት ዘረመሎች ዙሪያ በሕመምተኞችና በጤነኞች መካከል ልዩነት አገኘ። እንግዲያው «በዘር ይወርዳል» ብሎ ከሕመምተኛ ቤተሰብ ጋር ከመጋባት የሚሸሸው ሰው ልክ ነበር? ግማሹን ብቻ። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ እብጠቱ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጫማ የለመደ ያንኑ ዘረመል ይዞ እግሩ ደህና ሆኖ ሊኖር ይችላል። ደግሞም የዘር ድርሻ የትም የማይለወጥ ቁጥር አይደለም። ሁሉም በባዶ እግሩ በሚሄድበት መንደር የታመመውን ካልታመመው የሚለየው በብዛት ዘር ነው፤ ግማሹ ጫማ ሲያደርግ ግን ልዩነቱ ወደ ጫማው ያደላል።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ምክንያት ከበዛ ሁሉም ነገር ምክንያት ይሆናል፣ ሳይንሱም ጭጋግ ይሆናል የሚለው። እውነት የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ካልተፈተነ ነው። አፈሩ በካርታና በአካል ናሙና ይመረመራል፤ ከማዕድናቱ የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ ግን ገና አልለየለትም። የዘረመል ተዛምዶም በሽታው እንዴት እንደሚጀምር በራሱ አያስረዳም። በምሥራቅ ጎጃም በዕጣ ተመድበው እግራቸውን ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ የተማሩ ሕመምተኞች፣ ተራቸውን ከሚጠብቁት ይልቅ ድንገተኛው የትኩሳትና የሕመም ግርሻ ቀንሶላቸዋል፤ ውጤቱ በ2018 ወጥቷል። ሙከራው የመለሰው ይህንኑ ግርሻ የሚመለከተውን ጥያቄ ነው፤ ስለ እብጠቱ መነሻ ምንም አይልም።