አሮጌዋ ሃይብሪድና የሞላሌ መንገድ

አዲስ አበባ እየኖራችሁ ወላጆቻችሁ ሞላሌ ያሉ ባልና ሚስት፣ ለጥየቃም ለለቅሶም ወደ መንዝ መውጣታችሁ አይቀርም። ያለቻችሁ መኪና ያገለገለች ሃይብሪድ ከሆነች በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወስኗል። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሣ የቤንዚን ዋጋ ጨምሯል። እንግዲህ ያለችውን ማቆየት የትዳር በጀት ጉዳይ ሆኗል።

መጽሐፈ ምሳሌ 27፥23 እረኛ የመንጋውን ሁኔታ ተግቶ እንዲከታተል ይመክራል። ለመንዝ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የታመመውን በግ ገና ከበረት ሲወጣ ይለየዋል። መኪናም እንዲህ ያለ ዓይን ትፈልጋለች።

ቶዮታ ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ ይዛ የመጣችው ሐሳብ ቀላል ነው። የቤንዚን ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም አላት፤ ፍሬን ስትይዙ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ትልቁ ባትሪ ይመልሳል። ስለዚህ ቁጠባው ያለው እግራችሁ ላይ ነው። ከሩቅ አይታችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ኃይሉ ይመለሳል፤ ድንገት ከረገጣችሁ ግን አብዛኛው በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ትልቁ ባትሪ ያለው ከኋላ ነው። የሚቀዘቅዘው ከመኪናዋ ውስጥ በሚሳብ አየር ሲሆን፣ የአየሩ መግቢያ ከኋላ መቀመጫ ጎን ያለችው ወንፊት መሳይ ቀዳዳ ናት። ከሞላሌ ስትመለሱ ደግሞ እናት ባና ትሰጣለች፣ አባት ገብስ ያስጭናል፤ ያ ሁሉ የሚከመረው እዚያችው ቀዳዳ ላይ ነው! አየር ያጣ ባትሪ ይግላል፤ እየጋለ የሚሠራ ባትሪም ዕድሜው ያጥራል። ባናውን ወደ ዕቃ መጫኛው አዛውሩት። የባትሪውን ማራገቢያም በየጊዜው ከአቧራ አስጠርጉ። የወላጅን ስጦታ መመለስ ነውር ነው፤ ከባዱን ጆንያ በአውቶቡስ ማስላክ ግን ነውር የለበትም።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ አልፋችሁ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ስትታጠፉ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ። (ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ደውላችሁ ጠይቁ።) በዚህ ከፍታ ተራ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ካላችሁ ዳገቱ ላይ ያፈላባችኋል። ኢንቨርተር የሚባለው ክፍልም የራሱ ማቀዝቀዣ አለው፤ መካኒኩ የሞተሩን ብቻ አይቶ እንዳይዘጋው።

ቁልቁለቱ ይበልጥ ያሳስባል፤ የቤተሰብ ሕይወት ያለበት ነውና። ረጅም ቁልቁለት ላይ ባትሪው ይሞላና ተጨማሪ ኃይል መቀበል ያቆማል። ያኔ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ እንዳይወድቅ ማርሹን «ቢ» የሚለው ፊደል ላይ አድርጉት፤ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይዞ ያወርዳታል። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና ይቀዝቅዝ።

እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 የተሠራችው ፕሪየስ ትልቁ ባትሪዋ 28 ክፍሎች ያሉት፣ ከ200 ቮልት በላይ የሆነ ነው። ብርቱካናማውን ሽቦ ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። አንዱ ክፍል ሲሞት እሱን ብቻ መቀየር ርካሽ ይመስላል፤ ሌሎቹም አብረው ያረጁ ስለሆኑ ግን ብዙ ሳይቆይ ሌላው ይከተላል። ሙሉውን መለወጥ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ለባትሪው በየወሩ የምታስቀምጡትን ተስማሙ። ባል ሆይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን መብራት ከሚስትህ አትደብቅ፤ ከዚያ ቁጠባ ላይ ሊወጣ ያለው የእሷም ገንዘብ ነው። ጋራዥም አብራችሁ ሂዱ፤ መካኒኩ 28ቱንም ክፍሎች አንድ በአንድ ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ይስጣችሁ።