ቆሞ የከረመ የናፍጣ ወፍጮ ሞተርን ማስነሳት

ቆሞ የከረመ የናፍጣ ሞተር ማለት ለወራት ወይም ለዓመታት ሳይሠራ ቆይቶ ሲሞከር አልነሳ የሚል ሞተር ነው። ይህ መጣጥፍ በተለይ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎና በሌሎች የወለጋ ከተሞች እህል ለመፍጨትና ቡና ለመፈልፈል የሚያገለግሉትን ቋሚ የናፍጣ ሞተሮች ይመለከታል። አብዛኛው ነገር ግን ለጄኔሬተርና ለውሃ ፓምፕ ሞተርም ይሠራል።

ሞተሮቹ ለምን ይቆማሉ?

በወለጋ ምድር የሚገኘው የፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የመብራት መስመር ወደ ከተሞቹ በተዳረሰ ቁጥር ብዙ ወፍጮ ቤቶች ወደ ኤሌክትሪክ ሞተር ዞረዋል፤ አሮጌው የናፍጣ ሞተር ግን አይጣልም፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። መብራት ለቀናት ሲጠፋ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። በቆሎዋን ተሸክማ የመጣች ሴት ሞተሩ ካልተነሳ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ረጅም መንገድ መሄዷ ነው። የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሁኔታ ይለያል፤ ሥራቸው በቡና ለቀማ ወራት ብቻ ስለሆነ ሞተራቸው በየዓመቱ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ያልፋል።

ክረምቱ ደግሞ በወለጋ ረጅምና እርጥብ ነው። ሞተርን የሚጎዳው መቆሙ ብቻ ሳይሆን ቆሞ እርጥበት መጠጣቱ ነው።

ቆሞ ሳለ የሚደርስበት ጉዳት

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ16 እስከ 20 እጥፍ ሲያምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ የተረጨው ናፍጣ በዚያ ሙቀት ራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በዚህ መንገድ የሚሠራውን ሞተር በተሳካ ሁኔታ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። ስለዚህ ሞተሩ ለመነሳት የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ በቂ እምቅታ (በጋራዥ አነጋገር ኮምፕሬሽን)፣ አየር ያልያዘ ንጹሕ ናፍጣና በቂ የመዞር ፍጥነት። መቆም ሦስቱንም ያበላሻል።

በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የነበረው ዘይት ቀስ በቀስ ይወርድና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ዝገት ይጀምራል፤ የፒስተኑ ፋሻዎች በደረቀ ዘይትና በጥላሸት ተይዘው ከግድግዳው ጋር መግጠም ያቅታቸዋል። አንድ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ከቆመ እርጥብ አየር በዚያ ይገባል፣ የቫልቩም ዘንግ ዝጎ እዚያው ይቀራል። በነዳጅ መያዣው ውስጥ ከናፍጣው በላይ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ያወጣል፤ ውሃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ በሁለቱ መገናኛ ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራቡና ፊልትሮ የሚደፍን ጥቁር አተላ ይፈጠራል። የጭስ ማውጫው ወደ ላይ ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ የዝናብ ውሃ እስከ ሲሊንደሩ ሊደርስ ይችላል። የአይጥ ጎጆም በአየር ማጣሪያ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከማዞር በፊት

ብዙ ሰው የመጀመሪያ እርምጃው ማኖቤላ ይዞ በኃይል ማዞር ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ካለ፣ ውሃ ስለማይታመቅ፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ ሊጣመም ይችላል። መጀመሪያ የሞተር ዘይቱ ይቀዳ። ከታች ውሃ ቀድሞ ከወጣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ እምቅታውን የሚለቀው ማንሻ ተከፍቶ ቮላኖው (ከባዱ መዘውር) በእጅ በዝግታ ይሞከር።

ጨርሶ ካልዞረ ሞተሩ ነክሷል። ናፍጣ የሚረጨው ኢንጄክተር ተፈትቶ በቀዳዳው ናፍጣና ቀጭን ዘይት ተቀላቅሎ ይፈስስና ለጥቂት ቀናት ይተዋል። በየቀኑ ቮላኖው ወዲያና ወዲህ ጥቂት ይነቀነቃል። በመዶሻ መምታት ወይም በትራክተር መጎተት ፋሻ ይሰብራል፤ ፋሻ ከተሰበረ ደግሞ ትዕግሥት ያድን የነበረው ሲሊንደር ይጫራል። ሞተሩ ከተላቀቀ በኋላ ኢንጄክተሩ ከመመለሱ በፊት ብዙ ጊዜ ማዞርና ፈሳሹን በቀዳዳው ማስወጣት ያስፈልጋል።

እምቅታና ከፍታ

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ሻምቡ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በ2,000 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ቀላል ቁጥር በተግባር ብዙ ትርጉም አለው። በአምራቹ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የኮምፕሬሽን ልክ ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል ነው፤ ነቀምቴ ላይ የተለካ ጤነኛ ሞተር ከዚያ በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ቢታይ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። ይህን ያላገናዘበ ሰው ለማያስፈልግ የፋሻና የፒስተን ለውጥ ገንዘብ ያወጣል። ያው ሞተር ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ቢወርድ በተሻለ ይነሳል።

እምቅታው በእውነት ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በአየር መግቢያው ጨምሮ እንደገና መሞከር ነው። እምቅታው ከጨመረ ችግሩ ፋሻው ላይ ነው፤ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጉወርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ነዳጁና አየር ማስወጣት

የቆየው ናፍጣ ተቀድቶ ይወገድ፤ መያዣው ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይለወጥ። ከዚያ መስመሩ ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት ግድ ነው፤ አየር የያዘ ፖምፓ ናፍጣ ከመግፋት ይልቅ አየሩን ሲጨምቅ ይውላል። መጀመሪያ የፊልትሮው ብሎን ላላ ተደርጎ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪፈስ ይጠበቃል፤ ቀጥሎ በፖምፓው፣ በመጨረሻም በኢንጄክተሩ ቧንቧ ላይ ያው ይደገማል። ከኢንጄክተር የሚወጣው ጭጋግ ግፊቱ ከ100 ባር በላይ ስለሆነ ቆዳ በስቶ ይገባል። እጅ ፊት ለፊት አይቀርብም።

ከሁሉ አደገኛው ነገር እዚህ ላይ ነው። በፖምፓው ውስጥ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ተንሸራታች ዘንግ ዝጎ ሙሉ ናፍጣ በሚሰጥበት ቦታ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሞተር ከተነሳ ፍጥነቱን የሚገታው የለም፤ ቮላኖው እስኪበተን ሊሮጥ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉ በነጻ እንደሚንሸራተት በእጅ ሳይረጋገጥ ሞተሩ አይነሳም። የአየር መግቢያውን የሚደፍን ጠፍጣፋ ጣውላም በአጠገብ ይዘጋጅ፤ በእጅ ወይም በጨርቅ መድፈን አይሞከርም።

ማስነሳት

ቺንጋው ከወፍጮው ይውረድ። አዲስ ዘይት ይሞላ። በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር፣ በተለይ በጠዋት ብርድ፣ ለብ ያለ ውሃ ማቀዝቀዣው ውስጥ መጨመር ቀላልና ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ኤተር ከመርጨት በብዙ ይሻላል፣ ኤተር አሮጌ ፋሻ ይሰብራልና። ማኖቤላ የሚያዞር ሰው አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያድርግ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ ተጠምጥሞ የያዘ አውራ ጣት ይሰበራል። ጋቢና ነጠላ አውልቆ መቅረብ፣ የወፍጮ ቤቱን በርና መስኮት መክፈትም አይዘንጋ፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም።

ሞተሩ ሲነሳ ነጭ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አያስደነግጥም፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም እርጥበት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል፤ ፋሻዎቹ ሲላቀቁ ሊቀንስ ይችላል። ያለ ጭነት ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ፣ ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ዘይቱ እንደገና ይለወጥ፤ የመጀመሪያው ዘይት ዝገቱን አጥቦ ይዟልና።

ከዋንክል ሞተር ጋር ሲነጻጸር

በዓለም ላይ ከቆሙ በኋላ አልነሳ በማለት የሚታወቁት ዋንክል የተባሉት ተሽከርካሪ ሞተሮች ናቸው። የፌሊክስ ዋንክል ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ማዝዳ ከ1967 ጀምሮ በመኪናዎቹ ላይ ሸጦታል። በፒስተን ፈንታ ሦስት ማዕዘን የሚመስል አካል ይሽከረከርበታል፤ ፋሻን የሚተኩት በሦስቱ ጫፎች ላይ ያሉ ቀጫጭን ማሸጊያዎች ናቸው። እነርሱ በጥላሸት ከተያዙ ወይም ቤንዚን ዘይቱን ካጠባቸው እምቅታ ይጠፋል። ቫልቭ ስለሌለው አንዱ ጣጣ ቀርቶለታል፤ መድኃኒቱ ግን ከወፍጮው ሞተር ብዙ አይርቅም፦ ካንዴላ ፈትቶ ዘይት መጨመር፣ መተውና በዝግታ ማዞር።

ሲቀመጥ

ሞተር የሚቆም ከሆነ ዘይቱ የሚለወጠው ከመቆሙ በፊት ነው፤ ያገለገለ ዘይት አሲድ ስላለው ኩሽኔታ ይበላል። የነዳጅ መያዣው እስከ አፉ ይሞላ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ይቀዳ፣ የጭስ ማውጫው ላይ ጣሳ ይደፋ። ቮላኖው ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ባሉበት ቦታ ይቁም፤ በወር አንድ ጊዜም በእጅ ጥቂት ዙር ዞሮ እዚያው ይመለስ።