በሹመት የሚያዘው የከንቲባነት ሥልጣንና የአህመድ አቡታሌብ የሥራ ዘመን

በኔዘርላንድስ ከንቲባ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። የከተማው ምክር ቤት አመልካቾችን መርምሮ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዕጩ ያቀርባል፤ ሹመቱም በንጉሣዊ ድንጋጌ ለ6 ዓመት ይጸናል። ከንቲባው ምክር ቤቱን ከመምራት ባሻገር የከተማዋን ፀጥታ የማስከበር ኃላፊነት አለበት። ሥልጣኑ ፖሊስን ማዘዝን ስለሚጨምር የተሿሚው ታማኝነት ማከራከሩ አልቀረም። የሚስተር አህመድ አቡታሌብ የሥራ ሕይወት ለዚህ አስረጂ ነው።

የኢማም ልጅ የሆኑት ሚስተር አቡታሌብ እ.ኤ.አ. በ1961 በሰሜን ሞሮኮ ተወልደው በ15 ዓመታቸው ወደ ኔዘርላንድስ ሄዱ። በቴሌኮሙኒኬሽን ምህንድስና ሠልጥነው በጋዜጠኝነት፣ ቀጥሎም በመንግሥት ሠራተኝነት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ የሠራተኛ ፓርቲን ወክለው የአምስተርዳም ከተማ ካቢኔ አባል ሆኑ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የፊልም ባለሙያው ቴዎ ቫን ጎግ በአንድ አክራሪ ሲገደል፣ ሚስተር አቡታሌብ መስጊድ ድረስ ሄደው የአገሪቱን መሠረታዊ እሴቶች የማይቀበል ወገን ሌላ ቦታ ሊፈልግ እንደሚገባው ተናገሩ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የማህበራዊ ጉዳይና የሥራ ስምሪት ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው ሲሾሙ፣ የሚስተር ኼርት ቪልደርስ ፓርቲ የሞሮኮ ዜግነት እንዳላቸው በመጥቀስ የመተማመኛ ጥያቄ አነሳ። ፓርላማው ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። የሞሮኮ ዜግነትን መተው ግን በተግባር እጅግ አዳጋች ነው።

ይኸው ክርክር በጥር ወር 2009 የሮተርዳም ከንቲባ ሲሆኑም ተደገመ። በምክር ቤቱ በርካታ መቀመጫ የነበረው ሌፍባር ሮተርዳም የተሰኘው የከተማዋ ፓርቲ ሹመቱን ተቃወመ። ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ2014 በምርጫ አሸንፎ የከተማዋን ካቢኔ ሲመራ፣ የካቢኔው ሰብሳቢ እኚሁ ከንቲባ ነበሩ።

ሥልጣናቸው ይበልጥ የተፈተነው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2017 ነው። የኔዘርላንድስ መንግሥት የቱርክ ባለሥልጣናት በግዛቱ ለሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዳይቀሰቅሱ ሲከለክል፣ የቱርክ የቤተሰብ ጉዳይ ሚኒስትር ከጀርመን በመኪና ሮተርዳም ገቡ። ክልከላው የአገሪቱ መንግሥት ውሳኔ ቢሆንም በመንገድ ላይ ማስፈጸሙ በከንቲባው ትከሻ ላይ ወደቀ። ሚስተር አቡታሌብ የአስቸኳይ ጊዜ ትዕዛዝ አወጡ፤ ሚኒስትሯ ቆንስላው አጠገብ ታግደው ሌሊቱን በፖሊስ አጀብ ወደ ጀርመን ድንበር ተሸኙ። ተቃውሞ የወጣው ሕዝብም በውኃ መርጫና በውሻ ተበተነ። ለልዩ የፖሊስ ኃይል አስፈላጊ ከሆነ እንዲተኩስ ፈቅደው እንደነበር ከንቲባው በኋላ ገልጸዋል።

ይህን ድርጊት እንደ ታማኝነት ማስረጃ የቆጠሩ ነበሩ። አነጋገሩ ግን የሚያስኬድ አይደለም፤ ከንቲባው የተጠቀሙበት ሥልጣን ማንኛውም የኔዘርላንድስ ከንቲባ በሕግ የተሰጠው ነው። ከሌላው ከንቲባ የሚጠየቀው ሕጉን ማክበሩ እንጂ የትውልድ አገሩ አይደለም።

ሹመታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2021 ታድሷል። ሚስተር አቡታሌብ 3ኛውን የሥራ ዘመን ሳያጠናቅቁ እ.ኤ.አ. በ2024 በፈቃዳቸው ሲለቁ፣ ወይዘሮ ካሮላ ስኻውተን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ተተክተዋል።