የጃፓንን ቋንቋ ከመምህር በክፍያ መማር ወይስ በግል ማጥናት?

ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት በኅዳር 1923 ዓ.ም. ነው። በተከታዩ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈው አሳተሙ። መኪናና መለዋወጫ ከጃፓን ይመጣል፤ ቡናና ሰሊጥ ወደዚያ ይላካል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ፣ ጃፓንኛ አለማወቅ ንግድን አያቆምም። ቢሆንም ደንበኛውን በቋንቋው ለማነጋገር የሚሻ ነጋዴ ገንዘቡን በምኑ ላይ ማዋል እንደሚገባው አስቀድሞ ቢያስብ ይጠቀማል።

ለፊደሉ መክፈል አያስፈልግም። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ፊደላት እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች ያሏቸው ሲሆን፣ እንደ ግእዝ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ድምፅ ከነአናባቢው ይይዛል። «ሀ ሁ» የቆጠረ ሰው በጥቂት ሳምንታት በግሉ ያጠናቸዋል። ከውጭ የተወረሱ ቃላት በካታካና ስለሚጻፉ፣ የመለዋወጫ ነጋዴው በካርቶን ላይ «ኤንጂን»፣ «ታይያ» (ጎማ)፣ «ቡሬኪ» (ፍሬን) የሚለውን ወዲያው ያነባል። ካንጂ የተባለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የታደሰው የተለመዱት ዝርዝር ብቻ 2,136 ይደርሳል፤ ይህም የዓመታት ሥራ እንጂ የመምህር ጉዳይ አይደለም። ሰዋስዉም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም፤ ግሡ እንደ አማርኛ በመጨረሻ ይመጣል። ቁጥሩም ቢሆን «ማን» የሚሉት የእኛው እልፍ ነው፤ መቶ ሺህ የንን «አሥር እልፍ»፣ ሚሊዮኑን «መቶ እልፍ» ይሉታል። ይህን ያልለመደ ሰው ዋጋ ሲነገረው አንድ ዜሮ ሊጥል ይችላል።

የግል ጥናት የሚያጥረው በጆሮና በአክብሮት ንግግር ላይ ነው። «ኦባሳን» አክስት ስትሆን፣ መካከለኛው ድምፅ ቢረዝም አያት ትሆናለች፤ አማርኛ ቃልን በማጥበቅ እንጂ አናባቢን በማስረዘም ስለማይለይ ጆሮ ያልፈዋል። ደግሞም የእኛ ሰው በደንበኛ ፊት ስለ ሥራ አስኪያጁ ሲናገር «መጥተዋል» ብሎ ያከብራል፤ ጃፓናዊው ግን በደንበኛው ፊት የራሱን አለቃ ዝቅ አድርጎ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ስሕተት መጽሐፍ አያርምም። በደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት ለሚታወቅበት አገር ነጋዴ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ይቆጥራል፤ ሆኖም ለመምህሩ ነግሮ እስኪታረም ድረስ ቅኔ አይባልለትም።

ለመማሪያ ቤት የሚከፍል ሰው በክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለ ይጠይቅ። ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት ክፍል የአንድ ሰዓት ትምህርት ለእያንዳንዱ የሁለት ደቂቃ ንግግር ነው። የምስክር ወረቀትም አያታልል፤ ከኤን 5 እስከ ኤን 1 የሚወጣው የታወቀው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና መናገርን አይፈትንም።

ስለዚህ የደብረ ኤልያስ ነጋዴ ለትምህርት ብሎ ሱቁን ዘግቶ አዲስ አበባ መቀመጥ አይገባውም። የጃፓን ፋውንዴሽን «ኢሮዶሪ» የተባለውን መማሪያ ከነድምፁ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ በእርሱ ጥቂት ወራት አጥንቶ፣ ከዚያ በኋላ በስልክ በሰዓት የሚከፈለው አንድ መምህር ይያዝ። የንግግሩንም ርእስ ራሱ ይምረጥ፦ የዋጋ ክርክር፣ ናሙና መላክ፣ ዕቃ ሲዘገይ ይቅርታ መጠየቅ።