የቆላ ትኩሳት ወደ ደጋ ሲወጣ፦ የጤና ባለሙያው ዝግጅትና የነጋዴው ድርሻ

ከጓሳ አናት ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ ቆላው ከእግሩ በታች እስከ አፋር ምድር ድረስ ተዘርግቶ ይታየዋል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ውርጫም ሥፍራ በመሆኑ፣ ሙቀት ወዳዷ የቆላ ትንኝ በዚያ ልትራባ አትችልም። ስለዚህ የመንዝና የግሼ ደገኛ ትንኝ የምታመጣውን በሽታ የሌላ አገር ጉዳይ አድርጎ ቢቈጥረው የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ትንኟ ዳገቱን ባትወጣም፣ በትንኟ የተነደፈው መንገደኛ ይወጣል።

መንገደኛውንም የሚያመላልሰው ንግድ ነው። የመንዝ በግ፣ ሱፍና ገብስ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ደግሞ ወደ ደጋው ገበያና ወደ ውጭ አገር ይጫናል። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ኮምቦልቻ የሚዘልቀው መንገድ፣ በባቲና በሚሌ በኩል ከጂቡቲ መንገድ ጋር ይገናኛል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ የበግ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከበረሃ ወደ ውርጭ ይሻገራሉ። በትንኟ ንድፊያና በሕመሙ መጀመሪያ መካከል ያለው ጊዜ፣ ደንጊ በተባለው ትኩሳት፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ነው። እንግዲህ ሰውየው በሎግያ ተነድፎ በመሐል ሜዳ ሊታመም ይችላል ማለት ነው።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ2013 በድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ከ10,000 በላይ ሰዎችን አሳመመ። በ2016 ቺኩንጉንያ የተባለው መገጣጠሚያን የሚያሠቃይ ሕመም በሶማሌ ክልል በዶሎ አዶ ታየ፤ በ2019 ደግሞ በድሬዳዋ ከ40,000 በላይ ሰዎችን ያዘ። ቢጫ ወባ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ተከሠተ። በ2023 ደንጊ በአፋር ክልል በሎግያና በሚሌ ማለትም የወደቡ ጭነት በሚያልፍባቸው ከተሞች ተነሣ። በዓለምም ቢሆን በ2024 ብቻ ከ14 ሚሊዮን የሚበልጥ የደንጊ ሕመምተኛ ተመዝግቧል።

እነዚህን ሦስቱን የቫይረስ በሽታዎች በከተማ የምታዛምተው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ናት። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በሌሊት ስትናደፍ፣ ኤደስ ግን በቀን ትናደፋለች፤ ስለዚህ በአልጋ ላይ የሚዘረጋው አጎበር ብቻውን በሱቁና በመጋዘኑ የሚውለውን ሰው አያድነውም። የምትራባውም በረግረግ ሳይሆን በሰው ቤትና በንግድ ግቢ ውስጥ፣ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በባልዲና ዝናብ ባቈረ አሮጌ ጎማ ነው። እንቍላሏን ከውኃው በላይ በዕቃው ግድግዳ ላይ ታጣብቃለች፤ እንቍላሉም ለብዙ ወራት ደርቆ ከቆየ በኋላ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። የዚህችው ዘመድ የሆነችውና የእስያ ነብር ትንኝ የምትባለው በ1985 በአሜሪካ በቴክሳስ ሠፍራ የተገኘችው፣ ከእስያ በመጣ አሮጌ ጎማ ተጭና እንደ ነበር ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ጎማ አስመጪዎቻችን ይህን ነገር ልብ ሊሉት ይገባል።

ዋናው ችግር ግን ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ነው። በደጋ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ሰው ሲመጣለት አስቀድሞ የሚያስበው ተስቦን፣ የሚያገረሽ ትኩሳትን ወይም ታይፎይድን ነው። ከቆላ የተመለሰ መሆኑን ቢሰማም ለወባ ደሙን ያስመረምራል፤ ወባ ካልተገኘ ግን ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት የመስጠት ልማድ በአገራችን በሰፊው ይታያል። ደንጊ በዚህ ልማድ ተሸፍኖ ያልፋል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሕመሙን ለማስታገሥ ተብሎ አስፒሪን፣ ኢቡፕሮፌን ወይም የዳይክሎፌናክ መርፌ ሲሰጥ ነው። ደንጊ ራሱ ደም የማፍሰስ ጠባይ ስላለው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ደም መፍሰሱን ያባብሱታል። ለትኩሳቱ የሚበጀው በልክ የተሰጠ ፓራሲታሞልና በቂ ፈሳሽ ነው።

ስለዚህ ባለሙያውን ማዘጋጀት ሲባል ውድ ሕንፃ መሥራት ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በካርዱ ላይ መጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ በሕመሙ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት የቫይረሱን ምልክት ራሱን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰውነት በቫይረሱ ላይ ያዘጋጀውን መከላከያ የሚፈልጉት ምርመራዎች የተለያዩ መሆናቸውን ዐውቆ፣ የደሙን ናሙና በቅዝቃዜ ጠብቆ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ሦስተኛ፣ የአደጋውን ሰዓት መለየት ነው። በደንጊ ትኩሳቱ ሲበርድ ሕመምተኛው የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ መድማትና መቅበጥበጥ የሚታዩት በዚያው ጊዜ ስለ ሆነ፣ ወደ ቤቱ ከመሰደድ ይልቅ ሊጠበቅ ይገባዋል። በጊዜ የተረዳ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ በብርቱ ደንጊ ከተያዙትም በተገቢው ሕክምና የሚሞቱት ከመቶ አንድ አይሞሉም። አራተኛ፣ ጥርጣሬውን ሳያሳድሩ ለበላይ ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሕመምተኛ ትኩሳት ከመጀመሩ ሁለት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ትኩሳቱ ከበረደ ሁለት ቀን በኋላ ድረስ፣ ኤደስ በምትገኝበት ከተማ ቢነደፍ ቫይረሱን ለትንኟ ያስተላልፋልና።

አገራችን በዚህ ረገድ ያየችው ትምህርት ትንሽ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር በደምብያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጽዳት ጠባቂዎችን አንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። በ1958 ደግሞ ወባ በልማድ ወደማይደርስበት፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወደሚደርሰው ከፍታ ወጥታ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመች፤ 150,000 ያህልም ገደለች። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች የተነሣው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሕዝብ እንደ ያዘና 30,000 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። በእነዚያ ዘመናት ብዙውን ሰው የጐዳው በሽታው እስኪታወቅ ድረስ የባከነው ጊዜ ነበር። ዛሬ በደብረ ብርሃን የጤና ባለሙያ የሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በየቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። ለእነዚህ የሚሰጠው ትምህርት በደጋ የሚሠሩትንም የቆላ ትኩሳት የሚያስተምር መሆን አለበት።

የነጋዴው ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። ጎማ የሚያስመጣና የሚያከማች ሁሉ ከዝናብ በጣራ ሥር ወይም በሸራ ተሸፍኖ እንዲቀመጥ ያድርግ። በርሜልና ሮቶ ያለው ባለ ሱቅ ይክደነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ባዶ ሊሆን የሚችለውን ዕቃ ደፍቶ ግድግዳውን ይፈትገው፤ እንቍላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋልና። የመድኃኒት ቤት ባለቤት ከቆላ በትኩሳት ለተመለሰ ሰው ከላይ የተጠቀሱትን ማስታገሻዎች ከመሸጥ ይታቀብ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይምራው። የመድኃኒት አስመጪዎች የደንጊ መመርመሪያ፣ ፓራሲታሞልና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን አስቀድመው ይዘዙ። የጭነት ባለቤቶች ለሾፌሮቻቸው የሄዱባቸውን ከተሞችና ቀኖች የሚገልጽ አጭር ወረቀት ቢሰጧቸው፣ ሐኪሙ በምርመራ የሚፈልገው ግማሹ በዚያ ወረቀት ላይ ይገኛል። ቢጫ ወባ ወዳለበት አገር የሚሄድ ነጋዴ ደግሞ ከመነሣቱ ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ ይከተብ፤ አንዱ ክትባት ለዕድሜ ልክ የሚበቃ መሆኑ ታውቋል።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በቺኩንጉንያ የተያዘ ሠራተኛ ግን መገጣጠሚያው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊያሠቃየው ይችላል፤ የቆመ መኪናና የተዘጋ ሱቅም ከበርሜል ክዳን ይልቅ ያስከፍላል። የጓሳን ሣር የመንዝ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለው ሥርዓት፣ ዘግተው የሚጠብቁበትንና ከፍተው የሚያጭዱበትን ጊዜ በኅብረት እየወሰኑ አቆይተውታል። አንድ ሰው ብቻውን ቢጠብቀው ኖሮ ሣሩ ባልቆየም ነበር። ትኩሳቱንም እንዲሁ ሐኪሙ ብቻውን ሊያግደው አይችልም፤ ጎማውን የሚያራግፈው፣ መድኃኒቱን የሚሸጠውና መኪናውን የሚልከው ወገን ከጎኑ ሊቆም ያስፈልጋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ነጋዴ ግቢውን ቢመለከት፣ በሚያዘወትረው ጤና ጣቢያም ስለዚህ ነገር ቢነጋገር፣ ለንግዱም ለወገኑም ታላቅ አገልግሎት ይፈጽማል።