ሹራብና ጉምሩክ

ለመስቀል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልቂጤ በኩል ወደ ቸሃ የሚገባው ሕዝብ ለአባትና ለእናት ከሚይዘው ስጦታ መካከል ሹራብ አይታጣም። ሌሊቱ ይበርዳልና ስጦታው ተገቢ ነው። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ሹራቡ ከውጭ አገር የመጣ እንደሆነ ከመርካቶ ሱቅ ከመድረሱ በፊት ጉምሩክ በቍጥር የሆነ ስም አውጥቶለታል። መርካቶን ካቀኑት ነጋዴዎች ብዙዎቹ የጉራጌ ልጆች ስለሆኑ፣ ይህ የቍጥር ነገር ለቸሃ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም።

ቍጥሩ የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 ብራስልስ ላይ ከተፈረመውና በ1988 ሥራ ላይ ከዋለው የዕቃ አመዳደብ ስምምነት ነው። የኢትዮጵያም የቀረጥ ታሪፍ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

መርማሪው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ልብሱ ከምን እንደ ተሠራ ሳይሆን እንዴት እንደ ተሠራ ነው። ሸማኔ የሠራው ድርና ማግ አለው፤ ከእንዲህ ያለ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ምዕራፍ 62 ይገባል። ሹራብ ግን ድርና ማግ የለውም፤ ክሩ በቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ይወጣል። በመኪናም ይሠራ፣ በእጅ በኪሮሽም ይሠራ፣ ምዕራፉ 61፣ አንቀጹም 6110 ነው። ገበያው ሁለቱንም «ሹራብ» ብሎ ቢጠራ ጉምሩክ አይሰማውም።

ቀጥሎ የክሩ ዓይነት ይታያል። ሱፍ ከሆነ 6110.11፣ ጥጥ ከሆነ 6110.20፣ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ 6110.30 ነው። ድብልቅ ሲሆን በክብደት የበለጠው ይገዛል። ስለዚህ 45 በመቶ አክሪሊክ፣ 30 በመቶ ሱፍ፣ 25 በመቶ ጥጥ የሆነ ሹራብ፣ አክሪሊኩ ግማሽ ባይሞላም፣ የሰው ሠራሽ ክር ሹራብ ተብሎ ይመደባል። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ብሎ ቢምልም ያው ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እየረቀቀ ይሄዳል። አንገትጌና ቁልፍ ያለው የወንድ ልብስ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ በአማካይ ከ10 ያነሰ ቀለበት ከተገኘበት፣ ሸሚዝ መባሉ ይቀርና ወደ ሹራብ አንቀጽ ይዛወራል። ቀለበቱ የሚቆጠረው ቢያንስ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ስፋት ላይ ነው። ከዚያው ክር የተሠራ ኮፍያ ደግሞ ምዕራፍ 61ን ጨርሶ ይለቅና ከባርኔጣዎች ጋር ምዕራፍ 65 ይገባል! እጅጌውን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ አድርጎ «ያላለቀ ዕቃ ነው» ለማለት የሚያስብ ቢኖርም አይጠቀምም፤ ለመገጣጠም ብቻ የቀረው ሹራብ እንዳለቀ ሹራብ ይቆጠራል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለኪሴ ምኑ ነው?» ይሉ ይሆናል። በአገራችን ታሪፍ የተዘጋጀ ልብስ የሚያርፈው በከፍተኛው ተመን፣ በ35 በመቶ ላይ ነው። እስከ ወደብ ማጓጓዣና መድን ተጨምሮበት 100,000 ብር የሚያወጣ ሹራብ በቀረጥ ብቻ 35,000 ብር ይጠየቅበታል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱም የሚሰሉት ቀረጡ ከታከለበት ዋጋ ላይ ነው። ተመኑ አንድ ነው ብሎ ነጋዴው የክሩን ዓይነት ችላ ይላል። ነገር ግን የሱፍ ዋጋና የአክሪሊክ ዋጋ አንድ አይደለም፤ በአክሪሊክ ስምና ዋጋ የተመዘገበ ሱፍ በተገኘ ጊዜ ጥያቄው ከአመዳደብ አልፎ ወደ ዋጋ ማሳነስ ይሄዳል። ዕቃው እስኪጣራ በሞጆ ደረቅ ወደብ ሲቀመጥ የመጋዘኑ ኪራይ ይቆጥራል፤ በዓሉም አይጠብቅም።

በአሜሪካ አገር ደግሞ የክሩ ነገር ራሱ ተመኑን ይለውጠዋል። በመደበኛው ታሪፍ የጥጥ ሹራብ በአብዛኛው 16.5 በመቶ ሲከፍል የሰው ሠራሽ ክር ሹራብ 32 በመቶ ይከፍላል። ኢትዮጵያ ከአጎዋ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስትወጣ፣ ከዚህ ተሠርቶ የሚሄደውን ልብስ የጠበቀው ይህ መደበኛ ታሪፍ ነበር።

አሮጌ ልብስ፣ ገበያው ሰልባጅ የሚለው፣ አንቀጹ 6309 ነው፤ ወደ አገራችን እንዳይገባም የተከለከለ ነው። በዚህ አንቀጽ የሚገባው የመለበስ ምልክቱ በግልጽ የሚታይና በጅምላ ወይም በቦንዳ ታስሮ የቀረበ ልብስ ነው። ስለዚህ አዲስ ሹራብ የሚያመጣ ነጋዴ በቦንዳ ባያሳስረው ይሻለዋል።

ከአስመጪዎቹ ብዙዎቹ ዲክላራሲዮኑን ለትራንዚተር ጥለው ይሄዳሉ። ትራንዚተሩ ግን የሚጽፈው ከኢንቮይሱ ያገኘውን ነው። ኢንቮይሱ ላይ «ሹራብ» የሚል ቃል ብቻ ካለ ከወዴት ያምጣ? ዕቃው ከመጫኑ በፊት ለላኪው ደብዳቤ ሲጽፉ የአሠራሩን ዓይነት፣ የእያንዳንዱን ክር ድርሻ በመቶኛ፣ የወንድ ወይም የሴት መሆኑን ኢንቮይሱ ላይ እንዲያሰፍር ይጠይቁት።